በመሳቢያ የቀሩ ውጤቶች

እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር ሎርካይናይድ የተባለ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመም በደረሰባቸው 95 ሰዎች ላይ ተሞከረ። መድኃኒቱ የተዛባ የልብ ምትን እንዲያስተካክል የተሠራ ነበር፤ ማስተካከሉንም አስተካክሏል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ከወሰዱት ሕሙማን ዘጠኙ ሲሞቱ፣ መድኃኒት የሌለበትን ማነጻጸሪያ ከወሰዱት መካከል የሞተው አንድ ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሞቱን ብልጫ አጋጣሚ ያመጣው መሰላቸው። የመድኃኒቱ ልማት በንግድ ምክንያት ሲቋረጥ ጥናቱም ሳይታተም ቀረ፤ አንባቢ ያገኘው በ1993 ነው። በመካከሉ የዚሁ ወገን የሆኑ ሌሎች መድኃኒቶች ለብዙ ሕሙማን ይታዘዙ ነበር። በ1989 አንድ ሰፊ ጥናት ከእነዚሁ መካከል ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ ከልብ ሕመም የተረፉ ሰዎችን ሞት እንደሚጨምሩ አሳየ። የሎርካይናይድ አጥኚዎች ራሳቸው፣ ውጤታቸው በጊዜው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ሊሆን ይችል እንደነበር ጽፈዋል።

በዚህ ታሪክ የሚያስደነግጠው ማንም አለመዋሸቱ ነው። ቁጥር የፋቀ፣ ሰነድ የቀደደ የለም። ውጤቱን የሚጠብቅ ባለመኖሩ ብቻ ከመሳቢያ ሳይወጣ ቀረ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሮዘንታል በ1979 ነገሩን «የፋይል መሳቢያ ችግር» ብሎታል። የችግሩን ስፋት ለመለካት ግን ያልታተመውንም የሚያውቅ አካል ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለ አካል በመሆኑ፣ ኤሪክ ተርነርና ባልደረቦቹ እዚያ የተመዘገቡ 74 የድብርት መድኃኒት ጥናቶችን መርምረው በ2008 ውጤቱን አሳተሙ። መሥሪያ ቤቱ አዎንታዊ ካላቸው 38 ጥናቶች 37ቱ ታትመዋል። ከቀሩት 36 ውስጥ ግን 22ቱ ጨርሶ አልታተሙም፤ 11ዱ የተሳኩ መስለው ታትመዋል፤ እንደ ነበሩ የቀረቡት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህም የታተመውን ብቻ ያነበበ ሐኪም ከመቶ 94ቱ ጥናቶች የተሳኩ ይመስሉታል፤ በመዝገቡ መሠረት ግን የተሳኩት 51 በመቶ ናቸው።

«አሉታዊ ውጤት» የሚለው ስያሜ ራሱ ከጥፋቱ ድርሻ አለው። አሉታዊ ተጽዕኖ፣ አሉታዊ አስተያየት ከሚሉት ጎን ስለሚሰለፍ ነገሩ ከመነሻው ጉድለት ይመስላል። አንድ የማዳበሪያ መጠን በመረሬ አፈር ላይ የጤፍን ምርት አለመጨመሩን በሚገባ ያረጋገጠ ተማሪ ጥያቄው መልስ አግኝቷል፤ ገበሬውም ገንዘቡን የማያወጣበትን ነገር አውቋል። ይህን ያላነበበ ሌላ ተማሪ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ ማሳ ያርሳል፣ ያንኑ ማዳበሪያ ይገዛል። የምርምር በጀት በጠበበበት አገር እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ቅንጦት ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በአነስተኛ ናሙና የተሠራና ልዩነትን ለመለየት አቅም ያልነበረው ጥናት «ለውጥ የለም» ሊል አይችልም፤ ሊል የሚችለው «ለማወቅ አልተቻለም» ነው። የሎርካይናይዱ ጥናትም ትንሽ ነበር፤ ዋጋው የሚታየው ከሌሎች ጋር ተደምሮ ሲነበብ ነው። ስለዚህ ያልተሳካ ሁሉ ይታተም ማለት በቂ አይደለም። የናሙናው መጠን፣ የግምቱ ወሰንና ከዕቅዱ የተለወጠው ነገር አብሮ ካልቀረበ ጽሑፉ ለማንም አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ጥናቶች በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ወስናለች። ውሳኔው መልካም ነው፤ በሩን መክፈት ግን ወደ ውስጥ የሚገባውን አይለውጠውም። ተማሪው «ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ብሎ በፈታኞች ፊት መቆምን ከፈራ፣ አንዱ ተለዋዋጭ ጉልህ ሆኖ እስኪወጣ ትንተናውን ይቀያይራል፤ ከዚያም ያ አንዱ የጥናቱ ርእስ ይሆናል። የተቀሩት ሙከራዎች በአባሪ ገጽ እንኳ አይታዩም። ይህን ለማከማቻው ክፍት ማድረግ ስሕተቱን በስፋት ከማዳረስ አያልፍም።

መፍትሔው የሚጀምረው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነው። ኮርቴክስ የተባለው ጆርናል ከ2013 ጀምሮ ጥያቄውንና ዘዴውን ብቻ ገምግሞ፣ መረጃው ሳይሰበሰብ ጽሑፉን በመርሕ ደረጃ የሚቀበልበትን አሠራር ከፍቷል፤ ዕቅዱን አክብሮ የሠራ ተመራማሪ ውጤቱ የትም ቢያጋድል ይታተምለታል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች ለዚህ የሚያስፈልገው ሰነድ በእጃቸው አለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት የጥናት ንድፈ ሐሳቡን ያስጸድቃልና። የቀረው የጸደቀው ንድፈ ሐሳብ ቀኑ ተጽፎበት በማከማቻው እንዲቀመጥና ፈታኞች የመጨረሻውን ጽሑፍ ከእርሱ ጋር እንዲያስተያዩ ማድረግ ነው። አጫጭር ጽሑፎችን የሚያወጡ የዩኒቨርሲቲ መጽሔቶችም መላምቱ ላልተደገፈ ጥናት ሁለት ገጽ ቢመድቡ፣ ጥያቄው፣ ዘዴው፣ ናሙናውና ቁጥሩ በዚያ ውስጥ ይበቃሉ።