አራት ኖታ የዋጠው ሰው

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ አንድ ዜማ ከየሱቁና ከየማስታወቂያው ይንቆረቆራል። መነሻው አራት ኖታ ብቻ ነው፤ እየተመላለሰ ልብ ይሰቅላል። በ1990 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የወጣውን «ሆም አሎን» ፊልም ያየ ሰው ዜማውን አይስተውም። ደራሲው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የዩክሬን ባህላዊ የገና መዝሙር ነው» የሚል ነው። «የዩክሬን» መባሉ እውነት ነው። «ባህላዊ» መባሉ ግማሽ እውነት ነው። «የገና» መባሉ ግን ስሕተት ነው።

ደራሲው ሚኮላ ሌዎንቶቪች በ1877 በዩክሬን ፖዶልያ የተወለደ የቄስ ልጅ ነው። ካሚያኔትስ ፖዲልስኪ በሚገኘው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ በኋላ ግን የክህነትን መንገድ ትቶ መምህርነትን መረጠ። በየመንደሩ፣ በባቡር ሠራተኞች መካከል፣ በኋላም በቱልቺን በቄሶች ሴት ልጆች ትምህርት ቤት መዘምራንን አሠለጠነ። ያቺ የገና ሰሞን ዜማ በዩክሬንኛ «ሽቼድሪክ» ትባላለች፤ ከሕዝብ የተቀበላት አጭር ዜማ ነበረች፤ ዓመታት ፈጅቶ ደጋግሞ አረማት። በ1916 የኦሌክሳንደር ኮሺትስ መዘምራን ኪየቭ ላይ አሰሟት። ግጥሟ ስለ ክርስቶስ ልደት አንዲት ቃል አትናገርም። አንዲት ትንሽ ወፍ ወደ ቤት ገብታ ባለቤቱን ትጣራለች፤ በጎችህ ወልደዋል፣ ዓመቱ ያማረ ይሆንልሃል ትለዋለች። የአዲስ ዓመት ምርቃት ናት። በእንግሊዝኛው የሚሰሙት ደወሎች የመጡት በ1936 ነው፤ አሜሪካዊው ፒተር ዊልሆውስኪ የእንግሊዝኛ ግጥም ሲጽፍላት። በዩክሬንኛው ውስጥ ደወል መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ዜማ አገር ቢሻገርና ልብስ ቢለውጥ እኔ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ዜማው ሰውየውን መዋጡ ነው። ሌዎንቶቪች የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ከ1917 አብዮት በኋላ ዩክሬናውያን ምእመናን ቤተ ክርስቲያናቸው ከሞስኮ ሥልጣን ነጻ እንድትወጣ፣ በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ በስላቮን ብቻ ይሰማ የነበረው ቅዳሴም በሚናገሩት ቋንቋ እንዲቀደስ ሲታገሉ፣ እሱ ድርሻውን በዜማ ተወጣ። በ1919 የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ቅዳሴ በዩክሬንኛ ለመዘምራን አዘጋጅቶ ኪየቭ ላይ አሰማ። በግእዝ ወይስ በአማርኛ ይቀደስ የሚለውን ክርክር ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ፣ የቅዳሴ ቋንቋ ሲለወጥ ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚነካ ማስረዳት አያስፈልግም። በገና ሰሞን ዜማውን ከሚያንጎራጉረው ሕዝብ መካከል ግን ይህን ቅዳሴ የሰማ ስንት ይሆን?

ይህ መረሳት በአጋጣሚ ብቻ አልመጣም። በጥር 1921 ሌዎንቶቪች ወላጆቹን ሊጠይቅ ወደ ማርኪቭካ መንደር ሄደ። አንድ ሰው የሌሊት ማደሪያ ጠይቆ እዚያው ቤት አደረ፤ ሲነጋም ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ የቼካ፣ የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ወኪል አፋናሲ ህሪሽቼንኮ መሆኑ በይፋ የታወቀው ከሰባ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1990ዎቹ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የሶቪየት መንግሥት የሕዝብ ዘፈን አቀናባሪውን ሲፈቅድ፣ ቅዳሴ ደራሲውን ከመድረክ አገለለ። ዜማዋን የሚያሰማው የገና ንግድና የሶቪየት ሳንሱር በክፋት አይተካከሉም፤ ሳንሱሩ ደም አለበት፣ ንግዱ ግድየለሽነት ብቻ። ሆኖም የተዉልን ሰው ያው ግማሽ ሰው ነው።

«ያቺ ዜማ ባትኖር ስሙን ማን ይጠራው ነበር?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በዩክሬኑ መሪ በሲሞን ፔትሊዩራ መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የኮሺትስ ቡድን በ1919 አገሩን ለቆ አውሮፓን ሲዞር፣ በ1922ም ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲዘምር፣ «ሽቼድሪክ» የአንድ ሕዝብ አምባሳደር ነበረች። አምባሳደር የሚላከው ግን የላከውን አገር ለማስታወቅ ነው። ዛሬ መልእክተኛዋን አክብረን ላኪውን ረስተናል። ከ2022 ጦርነት ወዲህ ዜማዋን ለዩክሬን ጽናት ምልክት ያደረጉ ወዳጆችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ከዜማዋና ከግድያው ታሪክ አያልፉም። ሰማዕትነቱን እየተረኩ ሥራውን አለመስማትም መርሳት ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። መዘምራን ይህችን ዜማ ሲያቀርቡ የደራሲውን ስም ይጻፉ፤ ምርቃት መሆኗንም ይንገሩን፤ አጠገቧም ከቅዳሴው አንድ ክፍል ይዘምሩ። ሌዎንቶቪች በእንግዳ እጅ የሞተ ሰው ነው። እኛም በየዓመቱ ማዕዱ ላይ የምንቀርብ እንግዶች ነን፤ ቢያንስ የባለቤቱን ስም ጠይቀን፣ ያቀረበልንን ሁሉ ቀምሰን እንነሣ።