ንግሥትን በንግሥት መለዋወጥ ፍርሃት ነውን?

በመካከላችን የቼዝ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ አነጋገር ይሰማል፤ ይኸውም «ለኮምፒዩተር ብሎ ያጨዋወት ጠባዩን የሚለውጥ ሰው ሳይገጥም ተሸንፏል» የሚል ነው። አነጋገሩ ለጆሮ ያምራል፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው ብዬ ለመከራከር እወዳለሁ።

ለግማሹ እውነት ምስክሩ ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በፊላዴልፊያ ዲፕ ብሉ የተባለውን ኮምፒዩተር 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር። በ1997 በኒው ዮርክ ግን ኮምፒዩተሩ ከተዘጋጀበት መንገድ ለማምለጥ ሲል ከልማዱ የራቀ አጀማመር መረጠ። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ በዚሁ ዘዴ ረታ። በስድስተኛው ጨዋታ ግን አዘውትሮ በማይጫወተው መከላከያ ገባና ኮምፒዩተሩ ፈረሱን ሠውቶ በ19 እርምጃ ድል ነሣው። ግጥሚያውም 3.5 ለ 2.5 ተፈጸመ። ባላጋራውን አሳስታለሁ ሲል ከገዛ ኃይሉ ሸሸ።

ቭላዲሚር ክራምኒክ ግን በ2002 በባሕሬን ከዲፕ ፍሪትዝ ጋር ሲገጥም ንግሥቶቹን ቶሎ ከሜዳው አስወጣ። ምክንያቱም ኮምፒዩተር የሚያይለው ስሌት በበዛበት ድብልቅ ውጊያ ነው፤ ንግሥቶች ከወጡ በኋላ ግን ትዕግሥትና ረጅም ዕቅድ ይፈርዳሉ። ይህ ደግሞ የክራምኒክ የራሱ ሙያ ነበር። ከአራት ጨዋታ በኋላ 3 ለ 1 መራ። በአምስተኛው ተሳሳተ፤ በስድስተኛው ትዕግሥቱን ትቶ ፈረሱን በመሠዋት ለማጥቃት ተነሣና ተሸነፈ። ፍጻሜውም 4 ለ 4 ሆነ። ካስፓሮቭም ቢሆን በ2003 ከሌላው ፍሪትዝ ጋር ባደረገው ሦስተኛ ጨዋታ፣ ወታደሮቹ ተቆላልፈው መንገዱ ሁሉ ስለ ተዘጋ ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን አጥቶ ሲመላለስ አሸንፎታል።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የጦር ሜዳን መምረጥና ራስን መካድ አንድ አይደሉም።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል፤ ከኮምፒዩተር ጋር በእኩልነት የሚገጥም ሰው የለም። ታላላቆቹ ተጫዋቾች አሁን ኮምፒዩተሩን የሚፈልጉት ለጥናት ነው። እኛም ተማሪዎች ይኸው መሣሪያ በእጃችን አለ። ሆኖም እርምጃውን ሸምድዶ ምክንያቱን ያልጠየቀ ሰው፣ ባላጋራው ከተሸመደደው መንገድ አንድ ጊዜ ሲወጣበት ብቻውን ይቀራል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ ነገር በቼዝ ብቻ የሚያበቃ ይመስላችኋልን?