ፈጣኑ የመስመር አጥቂ ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን ሮቤ ውስጥ አንድ ሜዳ ዳር ቆሜ ኳስ ሳይ አንድ ልጅ ዓይኔን ያዘው። ዕድሜው 15 ቢሆን ነው። ቁመቱ አጭር፣ ማልያው ወደ ጉልበቱ የወረደ። ቀኝ መስመር ላይ ኳሷን ወደፊት ሲገፋት ግን ተከላካዩ ዞሮ ሳይጨርስ አልፎታል። አሰልጣኙ ጠጋ ብሎ «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል? እስኪ ንገረኝ፣ ይሄ ልጅ ስንት ያወጣል?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ለካ ቀልድ አልነበረም፤ አንድ ደላላ ልጁን ለሙከራ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ውጭ አገር እወስደዋለሁ እያለ ቤተሰቡን ሲያነጋግር ሰንብቷል።

እንግዲህ አብረን እናስላው።

ከቁመቱ እንጀምር። ገበያው ትንንሽ ልጆችን አሳንሶ የመገመት የቆየ ችግር አለበት። አንትዋን ግሪዝማንን የፈረንሳይ ክለቦች «አጭር ነው» ብለው መልሰውታል። በ14 ዓመቱ የወሰደው የስፔኑ ሪያል ሶሲዳድ በመስመር አጥቂነት አሳደገው። ያ ልጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ለባርሴሎና ሲፈርም የተከፈለበት 120 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ስለዚህ ቁመት ብቻውን ዋጋ አይቀንስም።

ፍጥነትስ? ፍጥነት ውድ ነው፣ ግን ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ነው። አንድ የጡንቻ ወይም የጉልበት ጉዳት ብዙ ነገር ይወስዳል። አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ደቡብ አፍሪካ ከደረሰ በኋላ ግን ረጅም ጊዜውን የወሰደበት ጉዳት ነው። ፈጣን ተጫዋች የሚገዛ ሰው ይህንን አደጋም አብሮ ይገዛል።

ዋናው ነገር ግን እግሩ ላይ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ነው። የዝውውር ሂሳብ ስንል ሰው እየተሸጠ አይደለም፤ የሚሸጠው በውሉ ላይ የቀረው ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት የቀረውን ተጫዋች የፈለገ ክለብ ከፍሎ ይወስዳል። ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች በፊፋ ደንብ ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ውሉ ካለቀ ደግሞ የቀድሞ ክለቡ የዝውውር ሂሳብ አያገኝም። እኛ አገር የአንድና የሁለት ዓመት ውል የተለመደ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የፊርማ ብር ይንቀሳቀሳል እንጂ ክለብ ተጫዋች አሳድጎ አያተርፍም።

አሁን ወደ ሮቤው ልጅ ልመለስ። ፊፋ ሶሊዳሪቲ የሚለው ክፍያ አለ። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ። ልጁ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ እዚሁ ቢሰለጥን የሮቤ ድርሻ 2.5 በመቶ ይሆናል። አንድ ቀን በ200 ሺህ ዶላር ቢዛወር 5,000 ዶላር ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለአንድ የወረዳ ክለብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ኳስ፣ ጫማና የጉዞ ወጪ ይሸፍናል። የሚከፈለው ግን ልጁ በየዓመቱ የት እንደተጫወተ በፌዴሬሽን መዝገብ ላይ ካለ ብቻ ነው።

የባሌ ገበሬ ይሄን ነገር ያውቀዋል። ስንዴው ገና ማሳ ላይ እያለ ከደላላ ብር የተቀበለ ሰው፣ አጨዳ ሲደርስ ዋጋው ቢጨምርም የሚያተርፈው ሌላው ነው።

ደላላው ስለ ውጭ አገር የሚያወራውም አያስኬድም። ፊፋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም። ስለዚህ ዛሬ ለ15 ዓመት ልጅ «አውሮፓ አስገባዋለሁ» የሚል ሰው ካለ ቤተሰቡ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እንዴት አድርገህ?» ብሎ ነው።

ለአሰልጣኙ የሰጠሁት መልስ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ልጁ ዛሬ በገበያ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ እንዲኖረው መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ትምህርቱን ይቀጥል፣ ሲደርስም ቤተሰቡ አንብቦ የገባውን ውል ይፈርም።

«ምዝገባማ አለኝ» ብሎ ከቦርሳው ደብተር አወጣ። የልጁ ስም አለ፤ ስንት ጎል እንዳገባም ተጽፏል። የልደት ቀኑ ግን የለም።