ፈረስና ጦርነት

ፈረስን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገበያ ያደርሰናል። በጥምቀት ጉግስ እንጫወትበታለን። ድሮ ግን የፈረስ ትልቁ ሥራ ጦርነት ነበር። ዛሬ ስለ ፈረሰኛ ጦር እናነባለን።

በድሮ ጊዜ ያገራችን ዘማች ከቻለ በቅሎም ፈረስም ይዞ ይሄድ ነበር። በመንገድ የሚቀመጠው በበቅሎው ላይ ነው። ፈረሱን አሽከሩ ይስባል። ለምን? ፈረሱ ለውጊያ ቀን እንዳይደክም ነው። እርካቡም ትንሽ ቀለበት ነበር። የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። ይህ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሰው ይመቻል።

ፈረሰኛ በጦርነት ምን ይሠራል? አንደኛ፣ ቀድሞ ሄዶ የጠላትን ሰፈር ያያል። ሁለተኛ፣ መልእክት ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ጠላት ሲሸሽ ደርሶ ይመታል። ጠላት ባንድነት ቆሞ ሲተኩስ ግን ፈረሰኛ ብቻውን አይበቃም። ፈረስ ትልቅ ነው፤ ጥይት አይስተውም።

ይህን በዓድዋ እናያለን። ጦርነቱ የሆነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የኢጣሊያ ጦር በሌሊት ሲጓዝ ተለያየ። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦሩን ይዞ ማርያም ሸዊቶ ከሚባለው ሸለቆ ገባ። ከጓደኞቹ ራቀ። የኢትዮጵያ ጦር እዚያ ከበበው። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም ደረሰበት። ጄኔራሉ እዚያው ሞተ፤ ጦሩም ተሰበረ። እግረኛው ይዋጋል፤ ፈረሰኛው ያሳድዳል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

ከ40 ዓመት በኋላ ግን ጊዜው ተለወጠ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ጠላት አውሮፕላንና መትረየስ ይዞ መጣ። መትረየስ ማለት ሳያቋርጥ ጥይት የሚተፋ መሣሪያ ነው። የመርዝ ጋዝም ነበረው። ፈረስ የቱንም ያህል ቢሮጥ ከአውሮፕላን አያመልጥም።

ትልልቅ ጦረኞች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ይባላሉ። ታጠቅ የፈረሱ ስም ነው። አባ ታጠቅ ማለት የታጠቅ ጌታ ማለት ነው። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ራስ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ይህ ሁሉ ተጽፎ ስለ ቆየ እናውቀዋለን።

የተራው ፈረሰኛ ስም ግን አልተጻፈም። ፈረሱን ገብስ አብልቶ ያሳደገው ገበሬም ስሙ የለም። ያለ ገብስና ያለ ሣር ግን የሚሮጥ ፈረስ አልነበረም።

እስቲ በየሰፈራችን ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። የአያታችን ፈረስ ስሙ ማን ነበር? የት ዘመተ? ተመለሰ ወይስ ቀረ? የነገሩንን በደብተራችን እንጻፈው። ያልተጻፈ ነገር ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።