ኬኔዲ የገቡት ሁለተኛው ቃል

አዛውንት ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት አንድ ፎቶግራፍ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1963 ዋሽንግተን ውስጥ የተነሣ ነው። በጥይት የተገደሉትን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን ለመቅበር የመጡ መሪዎች ከዋይት ሐውስ ተነሥተው ወደ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በእግራቸው ይሄዳሉ። ረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ከፊት አሉ። ጃንሆይ ወታደራዊ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው ከጎናቸው ይራመዳሉ። በዚያው ሰልፍ የ33 ዓመቱ የቤልጅየም ንጉሥ ቦዱዋንም አሉ።

በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያው ካቶሊክ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። አስከሬናቸውን የሚሸኙት የቤልጅየም ንጉሥም አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የገቡትን ቃል፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ እኒህ ወጣት ንጉሥ ይፈጽሙታል ብሎ ያን ቀን የገመተ አልነበረም።

ቃሉ የተሰጠው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1960 ሂውስተን ከተማ ነው። ካቶሊክ ከተመረጠ አሜሪካን የሚገዛት የሮም መንበር ነው ብለው በሚሰጉ የፕሮቴስታንት መጋቢዎች ፊት ኬኔዲ ቆመው፣ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ፍጹም የተለያዩ እንዲሆኑ እንደሚያምኑና በሕዝብ ጉዳይ ከየትኛውም የሃይማኖት አባት ትእዛዝ እንደማይቀበሉ ተናገሩ። ይህ የንግግሩ ክፍል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሌላው ግን ተረስቷል። ኬኔዲ እንዲህ ያለ ግጭት ይመጣል ብለው እንደማያስቡ ገልጸው፣ ቢመጣና ሥልጣናቸው ወይ ሕሊናቸውን ወይ የአገራቸውን ጥቅም እንዲጥሱ ቢያስገድዳቸው ከሥልጣን እንደሚለቁ ቃል ገብተው ነበር። ማንኛውም ሕሊና ያለው ባለሥልጣን እንዲሁ እንደሚያደርግ ተስፋቸው መሆኑንም ተናግረዋል።

ግጭቱ መጣ። ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥ የሴቲቱ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ብሎ ፈረደ። በጊዜው በፍርድ ቤቱ ብቸኛው ካቶሊክ የነበሩት ዳኛ ዊልያም ብሬናን ከአብላጫው ጋር ወሰኑ። ያን ፍርድ በጁን 2022 የሻረውን ውሳኔ የጻፉት ሳሙኤል አሊቶም ካቶሊክ ናቸው፤ ሽረቱን ከተቃወሙት አንዷ ሶንያ ሶቶማዮርም ካቶሊክ ናቸው። እምነቱ አንድ ሆኖ ፍርዱ እንዲህ ከተለያየ፣ «ካቶሊክ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ አንድ ሹም ብዙ አይነግረንም።

አሁን ወደ ብራሰልስ።

በማርች 1990 መጨረሻ የቤልጅየም ምክር ቤት በጭንቅ ላይ ያለች ሴት እስከ 12 ሳምንት ድረስ ፅንስ ማቋረጥ እንድትችል የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሕግ ሕግ የሚሆነው ንጉሡ ሲፈርሙበት ነው፤ ፊርማውም ለዘመናት የወግ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ቦዱዋን ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዊልፍሪድ ማርተንስ ደብዳቤ ጽፈው እንደማይፈርሙ አስታወቁ። የሕሊና ነፃነት ለዜጋ ሁሉ ተፈቅዶ ለንጉሡ ብቻ ይከለከላል ወይ ብለውም ጠየቁ። ንጉሡና ንግሥት ፋቢዮላ ልጅ አልነበራቸውም። ንግሥቲቱ አምስት ፅንስ እንደ ጨነገፈባቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ያ ደብዳቤ ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጣ ለሚረዳ ሰው ነገሩ ከሕግ ክርክር ያለፈ ነው።

መውጫው የተገኘው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 82 ነበር። አንቀጹ ንጉሡ መንገሥ ሳይችል ሲቀር ምን እንደሚደረግ የሚደነግግ ሲሆን፣ የቦዱዋን አባት ሊዮፖልድ ሦስተኛ በጀርመኖች እጅ ምርኮኛ በሆኑ ጊዜ አገልግሏል። ኤፕሪል 3 ሌሊት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ንጉሡ መንገሥ አልቻሉም ብሎ አወጀ፤ ሥልጣናቸውን ተረክቦም ሕጉን ፈረመ። ኤፕሪል 5 ሁለቱ ምክር ቤቶች ተሰብስበው ንጉሡን ወደ ዙፋናቸው መለሱ። ሁሉም ነገር ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላው አለቀ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማርተንስ ራሳቸው የክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲ ሰው ነበሩ፤ ፓርቲያቸው ሕጉን ተቃውሞ ነበር። ሆኖም መንግሥት በጋራ ስለሚጠየቅ፣ ሕጉን የማይወዱት ሚኒስትሮችም ስማቸውን አሰፈሩበት። የንጉሡ ብዕር ንጹሕ ሆኖ የቀረው ሌሎች ብዕራቸውን ስላነሡ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ዛሬም ይህን ነጥብ ይዘው ቦዱዋን እንደ ጲላጦስ እጃቸውን ታጠቡ ይላሉ። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን በዚህ አይስማማም። ንጉሡ ዙፋናቸውን በምክር ቤቱ እጅ አስቀምጠው ሄዱ፤ ምክር ቤቱ ባይመልሳቸው ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ሕዝቡ በወኪሎቹ የወሰነውንም አላገዱም። ኬኔዲ በሂውስተን የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ ሕሊናህ አልፈርምም ካለህ ወንበሩን ልቀቅ፣ ሕዝቡን ግን በወንበሩ አትያዝ።

አሜሪካውያን ካቶሊክ ፖለቲከኞች ሌላ መንገድ መረጡ። መንገዱን በጥልቀት ያስረዱት የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ማሪዮ ኩዎሞ ናቸው። በ1984 የኒው ዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ጆን ኦኮነር፣ ፅንስ ማቋረጥን በግልጽ ለሚደግፍ ዕጩ አንድ ካቶሊክ በንጹሕ ሕሊና እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ አይገባኝም ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት ጄራልዲን ፌራሮ ካቶሊክ ነበሩና ነገሩ ጋለ። ኩዎሞ ሴፕቴምበር 13 ቀን ኖትር ዳም ወደ ተባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሄደው መልስ ሰጡ። የቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ እምነት ባለበት አገር እምነቴን ሕግ የማደርገው ሕዝቡ ሲስማማበት ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ባርነትን በሕግ ለማስወገድ እንዳልተነሡም አስታወሱ። «በግሌ እቃወማለሁ፣ ግን...» የሚለው የፖለቲከኞች ቋንቋ በሰፊው የተብራራው በዚህ ንግግር ነው።

ንግግሩ ብርቱ ነው፤ ቀዳዳም አለው። ቀዳዳው የሚታየው ደግሞ በኩዎሞ የራሳቸው ታሪክ ነው። የኒው ዮርክ ሕዝብ አብዛኛው የሞት ቅጣት እንዲመለስ ይፈልግ ነበር። ኩዎሞ በ12 ዓመት ሥልጣናቸው ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የሞት ቅጣት ሕግ በየዓመቱ ውድቅ አደረጉ። በ1994 ምርጫ ሲሸነፉም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ተተኪያቸው ጆርጅ ፓታኪ በሚቀጥለው ዓመት ቅጣቱን መለሱት። እዚያ ላይ የሕዝቡን ስምምነት አልጠበቁም። ሕሊናቸውን ይዘው ቆሙ፣ ዋጋውንም ከፈሉ። ትክክል ነበሩ። ታዲያ በአንዱ ጉዳይ ከሕዝብ ስሜት በላይ የሆነ ሕሊና በሌላው ለምን ከሕዝብ ስሜት በታች ይሆናል? ኩዎሞ ስለ ሁለቱ ልዩነት ተከራክረዋል፤ ክርክራቸው ግን አጥጋቢ አልነበረም።

በኩዎሞ በራሳቸው የዴሞክራት ፓርቲ ውስጥ የፔንሲልቬንያው አገረ ገዥ ሮበርት ኬሲ ነበሩ። ፅንስ ማቋረጥን የሚገድብ ሕግ ፈረሙ፤ በስማቸው የሚጠራው የ1992ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ክስም ከዚያ መጣ። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ መድረክ ተነፈጉ። ብዙ የማይነገረው ግን፣ ኬሲ በ1992 ማብቂያ ወላጆቻቸው መድን መግዛት ላልቻሉ ሕፃናት የጤና መድን የሚሰጥ ሕግ ፈርመዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ተመሳሳይ ሕግ ያወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሕፃኑ ይወለድ ያሉት ሰው፣ ከተወለደ በኋላ ሲታመም ማን እንደሚያሳክመውም አስበውበት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሁለቱም ፓርቲ እምብዛም አይገኝም።

አንዳንድ ጳጳሳትም በበኩላቸው ፅንስ ማቋረጥን የሚደግፉ ካቶሊክ ፖለቲከኞችን ለመገሠጽ ወደ ቅዱስ ቁርባን ዞሩ። አንድ ሰው ሊቆርብ ቀርቦ በካህኑ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2004 ጆን ኬሪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የሴንት ሉዊሱ ሊቀ ጳጳስ ሬይመንድ በርክ እንደማያቆርቧቸው ተናገሩ። በኦክቶበር 2019 ጆ ባይደን በደቡብ ካሮላይና አንድ ቤተ ክርስቲያን ሳይቆርቡ ተመለሱ። በሜይ 2022 የሳን ፍራንሲስኮው ሊቀ ጳጳስ ሳልቫቶሬ ኮርዲሊዮኒ ናንሲ ፔሎሲ በሀገረ ስብከታቸው እንዳይቆርቡ ከለከሉ። በሚቀጥለው ወር ፔሎሲ ቫቲካን ሄደው፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በመሩት ቅዳሴ ቆረቡ። ያንዱ ሀገረ ስብከት ክልክል በጴጥሮስ መንበር ሥር ሲፈቀድ ምእመኑ ምን ይበል? ጳጳስ መምከር፣ መገሠጽም መብቱ ነው፤ ግዴታውም ነው። ምክሩ በምርጫ ዘመቻ ወቅት በጋዜጣ ሲታወጅ ግን ከንስሐ አባት ምክር ይልቅ የድምፅ ቆጠራ ይመስላል።

ደግሞ ሚዛኑ ያጋደለ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2018 የሞት ቅጣት ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም ብላ ትምህርተ ክርስቶሷን አሻሻለች። ከጁላይ 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት 13 ሰዎችን በሞት ቀጣ። ግድያው እንደገና እንዲጀመር ያደረጉት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዊልያም ባር ካቶሊክ ናቸው። በሴፕቴምበር 2020፣ ቅጣቱ እየተፈጸመ ሳለ፣ በአንድ የካቶሊኮች የጸሎት ጉባኤ ሽልማት ተቀበሉ። በ2025 ደግሞ የቺካጎው ካርዲናል ብሌዝ ኩፒች ለሴናተር ዲክ ደርቢን ስለ ስደተኞች ባደረጉት ትግል ሽልማት ሊሰጡ ሲሉ፣ ደርቢን ፅንስ ማቋረጥን ስለሚደግፉ የሴናተሩ የገዛ ሀገረ ስብከት ጳጳስና ሌሎችም ተቃወሙ። አዲሱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ሲጠየቁ፣ ፅንስ ማቋረጥን እየተቃወመ የሞት ቅጣትን የሚደግፍ ሰው በእውነት ለሕይወት ቆሟል ማለት እንደማይቻል ተናገሩ። በስደተኞች ላይ የሚፈጸመውን ኢሰብአዊ አያያዝም አነሡ። ደርቢን ሽልማቱን አልቀበልም አሉ።

በሴፕቴምበር 2024 ፍራንሲስ ቤልጅየም ሄደው በቦዱዋን መቃብር ላይ ጸለዩ፤ የንጉሡንም ድፍረት አመሰገኑ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በፅንስ ማቋረጥ ላይ በተናገሩት ቃል የተቆጡት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሳንደር ደ ክሮ የቫቲካኑን አምባሳደር ጠርተው ተቃውሟቸውን ገለጹ። ያኔ ንጉሡ ካረፉ 31 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ያልፈረሙት ፊርማ ግን ዛሬም ያከራክራል።

በዋሽንግተንም ሆነ በሚኒያፖሊስ ድምፅ የምትሰጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን፣ «በግሌ እቃወማለሁ» የሚል ዕጩ ሲቀርባችሁ ለነፍሰ ጡሯ ሴት እስካሁን ምን እንዳደረገ ጠይቁት። «ለሕይወት ቆሜያለሁ» የሚለውንም ስለ ስደተኛውና ሞት ስለ ተፈረደበት እስረኛ ጠይቁት። ሁለቱንም ሕሊናቸው አልፈርምም ያላቸው ቀን ወንበሩን ይለቁ እንደሆነ ጠይቋቸው።