አይዳ የማን ልጅ ናት?

በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሴት ልጁን «አይዳ» ብሎ ሲሰይም ደስ እያለው ነው። ስሙ ለአፍ ይቀላል፤ ፈረንጅም አያበላሸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓለም በሚያውቀው የጣልያን ኦፔራ ውስጥ የኢትዮጵያ ልዕልት ስም ነው፤ በየክርስትናው ድግስ ይህን የሚያወሳ ሰው አይታጣም። በሌላ በኩል «ያ ኦፔራ የሚያዋርደን ስለሆነ ይታገድልን» የሚሉ ወጣቶች አሉን። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። የመጀመሪያዎቹ ኩራት ሳይመረመር የተያዘ ኩራት ነው፤ የሁለተኛዎቹም ቁጣ ሳይመረመር የተያዘ ቁጣ ነው።

ለዓመት ዕረፍቴ ከለንደን ወደ ሰሜን ጣልያን በሄድሁበት በአንድ የሐምሌ ምሽት፣ ሮማውያን በቬሮና ከተማ በሠሩት ክፍት አደባባይ አይዳን ተመልክቻለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሥፍራ የኦፔራው የበጋ ትርዒት የተጀመረው የጁሴፔ ቨርዲ መቶኛ የልደት ዓመት በተከበረበት በነሐሴ 1913 በዚሁ በአይዳ ነው። በድንጋዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ሲመሽ ትንንሽ ጧፍ ያበራል። ሙዚቃው ግሩም ነው። በሁለተኛው ገቢር መለከቱ ተነፍቶ የግብፅ ጦር በድል ሲገባ፣ ከኋላው የኢትዮጵያ ምርኮኞች እየተነዱ መጡ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጣልያናዊ አገሬን ጠይቀውኝ ነበርና በቅን ልቡና ጎንበስ ብለው «የእናንተ ታሪክ እኮ ነው» አሉኝ።

የእኛ ታሪክ ነውን? እስቲ ታሪኩን እንመልከት። አይዳ ለግብፅ ንጉሥ ልጅ ለአምኔሪስ ገረድ ሆና የምታገለግል የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የአገሯን ጦር ድል የሚያደርገውን የግብፅ ጦር አለቃ ራዳሜስን ትወዳለች። አባቷ አሞናስሮ ንጉሥነቱን ደብቆ ከምርኮኞቹ ጋር ይነዳል፤ በዓባይ ዳርም ልጁን የጠላትን የጦር መንገድ ምሥጢር ከፍቅረኛዋ እንድታወጣ ያስገድዳታል። በመጨረሻ አባትየው ይገደላል፤ ልጅቱም ከነሕይወቱ ከተቀበረው ራዳሜስ ጋር ለመሞት ወደ መቃብሩ ትገባለች። እንግዲህ በዚህ ድርሰት ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ትሸነፋለች፤ አንድ ጊዜ በጦር ሜዳ፣ አንድ ጊዜ በልጇ ልብ። በየድግሱ የምንኮራበት ይህን ነው።

ያዘዘውስ ማን ነው? የግብፁ ገዢ ከዲቭ እስማኤል ነው። ለቨርዲ 150,000 ፍራንክ ከፍሏል። ልብሱና መጋረጃው ፓሪስ በፕሩሲያ ጦር በተከበበች ጊዜ እዚያው ታግቶ ስለ ነበር ትርዒቱ ዘግይቶ በታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት የእስማኤል ሹም የሆነው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከምጽዋ ተነሥቶ ከረንን ያዘ። ከዚያም በኅዳር 1868 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ አዛዡ የዴንማርኩ ተወላጅ አሬንድሩፕም እዚያው ወደቀ። ሙንዚንገር ራሱ በዚያው ወር በአውሳ ተገደለ። እስማኤል አልተማረም። የገዛ ልጁን ልዑል ሐሰንን፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈውን የደቡቡን ጄኔራል ዊሊያም ሎሪንግንም ጨምሮ ዳግመኛ ላከ። በየካቲት 1868 ዓ.ም. ይህም ጦር ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው ጉራዕ ድል ሆነ። ካዝናውን አስቀድሞ ብድር በልቶት ነበርና በ1876 ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቃታት፤ በ1879 እስማኤል ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1882 እንግሊዝ አገሪቱን ያዘች።

እስማኤል ኦፔራውን ያዘዘው ለጦርነቱ ብሎ ነው አልልም። ነገር ግን የኦፔራውንም የዘመቻውንም ዋጋ የከፈለ አንድ ኪስ ነው፤ ሁለቱም ካይሮን የአውሮፓ እኩያ፣ ግብፅንም የዓባይ ተፋሰስ ጌታ ለማድረግ የተመኘ አንድ ሰው ሥራ ናቸው። በመድረክ ላይ ንጉሣችን በሰንሰለት ሲነዳ፣ በሜዳ ላይ ግን የተማረከው የከዲቩ ወታደር ነበር። «የኦፔራው ኢትዮጵያ የጥንቱ ኩሽ ነው፤ ናፓታም በሱዳን ነው» የሚል ሊቅ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ይህ ግን ነገሩን አያድነውም፤ የኩሹ ንጉሥ ፒዬ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ድል አድርጎ ገዝቷልና።

አሁን ወደ «ይታገድ» ባዮቹ ልመለስ። በ2022 በቬሮና የአይዳን ቦታ የያዙ ነጭ ዘፋኞች ፊታቸውን በመጥቆራቸው ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኤንጀል ብሉ እዚያ ልታቀርበው ከነበረው ከሌላ ኦፔራ ራሷን አገለለች። አቋሟን አከብራለሁ። እኔ ግን ሐኪም ነኝ፤ በቆዳ ላይ የሚታየውን ምልክት ብቻ አክሞ ሕመምተኛን የሚያሰናብት ባለሙያ አላደንቅም። ቀለሙ ቢታጠብም ምርኮኛው ምርኮኛ ነው። ደግሞስ የሚታገደው ምንድን ነው? ቨርዲ በ1842 በናቡኮ ለተማረኩት ዕብራውያን ያንን ዝነኛ መዝሙር የደረሰ ሰው ነው፤ በአይዳም ልብ የሚነካውን ዜማ ለአሸናፊዎቹ አልሰጠም። ታላቋ ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ሌዮንታይን ፕራይስ በጥር 1985 ኒው ዮርክ ላይ የኦፔራ መድረክን የተሰናበተችው በአይዳ ነው። ይህን ሁሉ ዘግተን ምን እናተርፋለን?

የምኖረው በምዕራብ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሠፈር ነው። ድል ሰልፍ ምን እንደሆነ፣ በምንም እንደሚመለስ ይህ ሠፈር ያስተምራል። ስሙን ያገኘው በ1908 ለእንግሊዝና ለፈረንሣይ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከተሠሩት ነጫጭ ሕንፃዎች ነው። በዚያ ኤግዚቢሽን «የሴኔጋል መንደር» ተሠርቶ አፍሪካውያን ለተመልካች ቀርበው ነበር፤ መለከቱ ቀረ እንጂ ሰልፉ ያው ነው። የዛሬው የመኖሪያ ሠፈር መንገዶችም ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳ እየተባሉ በቀድሞው ግዛት ስም ይጠራሉ። በዚያው በ1908 ከዊንድዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ዋይት ሲቲ ስታዲየም ያለቀው የማራቶን ሩጫ፣ ኋላ የዓለም መለኪያ የሆነውን 42.195 ኪሎ ሜትር ሰጠ። ስታዲየሙ በ1985 ፈርሷል።

ያንን ርቀት በመስከረም 10 ቀን 1960 በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ ነው። ፋሺስቶች ከአክሱም ወስደውት በነበረውና በ2005 በተመለሰው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ የታሰሩ የዳሲያ ምርኮኞች ምስል ተቀርጾ ከቆመበት ከቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ገባ። በሩ ይፍረስልኝ አላለም፤ ምርኮኞቹም ያንተ ናቸው ሲሉት አልኮራም። በሥራው መለሰ።

እኛስ በምን እንመልስ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ኦቴሎ በአማርኛ አናግሮታል። የአይዳ ግጥም ደራሲ ጊስላንዞኒ በ1893፣ ቨርዲም በ1901 ስለሞቱ ድርሰቱን ተርጉሞ ለማሳተም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ከጉንደትና ከጉራዕ ታሪክ ጋር በአንድ ጥራዝ ይታተም። በዋሽንግተን ጣይቱ የባህል ማዕከልን በ2000 ያቋቋመችው ዓለምፀሐይ ወዳጆን የመሰሉ የመድረክ ሰዎች በስደት አሉን፤ አሞናስሮ በአማርኛ ሲናገር ለመስማት ትኬት የምንገዛ እንሁን። ኦፔራውን ግን እንይ፤ ልጆቻችንን ይዘን፣ አስቀድመን ነግረን እንይ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የሕዳሴው ግድብ በ2025 ሲመረቅ የጨፈሩ፣ ስለ ዓባይ ከማንም ጋር የሚከራከሩ፣ ስለ ጉራዕ ግን ሰምተው የማያውቁ ልጆች አሉን፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አይዳ የምትባል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ስሟ ከየት እንደመጣ ስትጠይቃችሁ «የኢትዮጵያ ልዕልት» ብላችሁ አታብቁ። ልዕልቲቱን ማን እንዳዘዛት፣ በስንት ብር እንዳዘዛት፣ ከአራት ዓመት በኋላም ጉንደት ላይ ምን እንደገጠመው ጨምራችሁ ንገሯት።