ስም አውጪው ማን ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይሉ ነበር አበው። የአዲስ አበባን መናፈሻዎች ስም የሚያወጣው ግን መልአክ አይደለም፤ ነዋሪውም አይደለም። አጥሩ ታጥሮ፣ ሣሩ ተተክሎ፣ የምረቃው ሪባን ሊቆረጥ ሲቃረብ ስሙ ከላይ ይወርዳል። እኛም እንደ ማንኛውም እንግዳ በዜና እንሰማዋለን።

በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ወዳጅነት ፓርክ ተከተለው። አንድነትን የሚጠላ፣ ወዳጅነትን የሚነቅፍ ማን አለ? ክፋቱም እዚያ ላይ ነው፤ ማንም የማይቃወመው ስም ስለ ማንም አይናገርም። ለድልድይ ቢሰጥ ይሆናል፤ ለዕድር፣ ለታክሲ ማኅበር ቢሰጥም ይሆናል። አንድነት ፓርክ ያረፈው ግን በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ የግብር አዳራሹ፣ የዙፋን ቤቱና እንቁላል ቤት ያሉበት ምድር። ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመ ግቢ አንድ ረቂቅ ቃል ተደረበለት። ያውም ሲከፈት የመግቢያ ትኬቱ መደበኛና ቪአይፒ ተብሎ በሁለት ዋጋ ይሸጥ ነበር። አንድነት በሁለት ዋጋ!

ቀደምት ስሞቻችንን እንመልከት። ብሔረ ጽጌ ግዕዝ ነው፤ የአበባ አገር ማለት ነው። ዛሬ «ብሔር» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ተሸክሞ ስንት ሲያነታርከን፣ ያ መናፈሻ ብቻውን የጥንቱን ፍች ይዞ ቆሟል። ሐምሌ 19 የተባለውም መናፈሻ አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ የወጣበት ዕለት ነው፤ ዕለቱ የቅዱስ ገብርኤል በዓልም ነው። ስለዚህ አንዱ ስሙን ሲሰማ ቤት ያገኘበትን ቀን ያስባል፤ ሌላው የተወረሰበትን፤ ሌላው ደግሞ ታቦቱን። የኢትዮ ኩባ ወዳጅነት ፓርክም ቢሆን ወዳጁ ማን እንደሆነ በስሙ ይናገራል፤ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ አብረው የወደቁትን ያስታውሳል። ደርግን ብንወድም ብንጠላም፣ እነዚህ ስሞች የምንከራከርበት ነገር ይሰጡናል። «ወዳጅነት» ብቻውን ግን ከማን ጋር፣ መቼ፣ በምን ምክንያት ብለን ብንጠይቀው ምን ይመልስልናል?

«ስም ያስተምራል፤ አንድነት ብለን ከሰየምን ትውልዱ አንድነትን ይማራል» የሚሉ አሉ። እስቲ የከተማችን አደባባዮች ይመስክሩ። አራት ኪሎ በወጉ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው፤ ስድስት ኪሎም የካቲት 12 አደባባይ። ሁለቱም ሊከበሩ የሚገባቸው ቀናት ናቸው። ነገር ግን ታክሲ ረዳቱ የሚጣራው «አራት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ነው። መስቀል አደባባይን ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎት ነበር፤ አብዮቱ ሲያልፍ ስሙም አብሮት አለፈ። ጃን ሜዳ ግን ዘውዱ ከወደቀ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ጃን ሜዳ ነው። ሕዝብ በአፉ ያላደረው ስም ሰሌዳ ላይ ቢጻፍም ሰሌዳ ላይ ይቀራል።

እኔ በምሠራበት የባንክ መስኮት ማንም ሰው በሌላው ገንዘብ ላይ የፈለገውን ስም ጽፎ ሒሳብ አይከፍትም፤ ባለቤቱ ቀርቦ ይፈርማል። መናፈሻው የነዋሪው ከሆነ የነዋሪው ፊርማ የት አለ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስሙ ከምረቃው በፊት ለአካባቢው ሰው ይቅረብ። ቦታው ቀድሞ ስም ካለው እርሱ ይቅደም፤ ወንዙ፣ ጉብታው፣ ዛፉ ስም አላቸውና። በሰው ስም የሚጠራ ከሆነ ሰውየው ሥልጣን ላይ ያለ አይሁን። ከሰሌዳውም ሥር ስሙ ለምን እንደተመረጠ ሁለት መስመር ይጻፍ።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ይህችን ከተማ ሲሰይሟት ስሟን ከአበባ ወሰዱላት። የእንጦጦም ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የተራራው ስም ሳይነካ ቀረለት፤ መልካም ተደረገ። እነሆ ዛሬ ማንም ሰው ሳያስተምረን፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ቀስቅሰን «ተነሡ፣ እንጦጦ እንውጣ» እንላለን።